ክሮምዌል ያልነበረው ክሮምዌል

ባለፈው ክረምት ለንደን ውስጥ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነበርኩ። የሕፃኑ ስም ቀደም ብሎ ወጥቷል፤ ያላለቀው "የመጨረሻ ስሙ" ማን ይሁን የሚለው ነበር። አባትየው በአገሩ ወግ የራሱን ስም ሊያስከትልለት ይፈልጋል። እናትየው ደግሞ ፓስፖርቱ ከአባቱ ፓስፖርት ጋር እንዲገጥም የአያቱ ስም ይሁን ትላለች። ክርክሩ ሲረዝም አንድ ትልቅ ሰው ስኒያቸውን አስቀመጡና ፍርድ ሰጡ። "ልጆቼ፣ የነዚህን የእንግሊዞቹን ተመልከቱ። ሺህ ዓመት ሙሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ስሙን ሰማህ ማለት ዘሩን አወቅህ ማለት ነው። እኛ በየትውልዱ ስም እየጣልን ዘራችንን በተንነው።" ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በትልቅ ሰው አፍ ላይ ላለመግባት ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ዕዳ ነው።

ጋሼ ያሉት ነገር ስሕተት ነው። ለእኛ ማዘናቸው ደግ ነው፤ የተሳሳቱት ስለ እንግሊዞቹ ነው። የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ዘር አይቆጥርም፣ ቆጥሮም አያውቅም። ርስት ተከትሏል፣ ሹመት ተከትሏል፣ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ተመዝግቧል፣ አደጋ ሲመጣ ተደብቋል። ደም የተከተለው መንገዱ ሲገጥምለት ብቻ ነው።

እምነቱ የእኛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እንግሊዞቹም ያምኑታል፣ ይነግዱበታልም። ቱሪስት በሚበዛበት ሰፈር አንድ ሱቅ ገብቼ አይቻለሁ። መደርደሪያው ሁሉ ኩባያ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ ብራና መስሎ በፍሬም የገባ ወረቀት ነው። ስምህን ትናገራለህ፣ ሻጩ ኮምፒውተሩን ይነካካል፣ አንበሳና ጋሻ ያለበት የ"ቤተሰብህ" አርማ ከነታሪኩ ታትሞ ይወጣል። ስሚዝ ብትልም ይወጣል። ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጭ የሌለው መንደር ስላልነበረ ስሙ በብሪታንያ ከሁሉ በዝቶ ቀረ። የዚያ ሁሉ መንደር ቀጥቃጭ በምን ተማክሮ አንድ ጋሻ ያዘ? ጉዳዩ የሚመለከተው አካል፣ ሪቻርድ ሦስተኛ በ1484 ያቋቋመው የአርማዎች ኮሌጅ፣ ለቤተሰብ ስም የተሰጠ አርማ የሚባል ነገር እንደሌለ ደጋግሞ ይናገራል። አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚወርሱትም በወንድ መስመር በሕጋዊ መንገድ ከእሱ መወለዳቸውን ያስመሰከሩ ናቸው። ኩባያው ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። (የእንግሊዝ ታሪክ ስለሆነ ዓመታቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሪቻርድ ሦስተኛን ደግሞ አንባቢዬ አይርሳብኝ፤ እመለስበታለሁ።)

ሺህ ዓመት የሚባለውም ልክ አይደለም። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ በርስቱ ስም መጠራት የጀመረው መስፍኑ ነው፣ እሱም ርስቱን ለልጁ ለማቆየት ሲል። ገበሬው ብዙ ቆይቷል። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል ጸሐፊው በየመንደሩ እየዞረ ሰው መዘገበ። በሰሜኑ አገር መዝገብ ላይ ብዙው ስም ገና አልረጋም፤ ሰውዬው በሥራው ተጽፎ ልጁ በአባቱ ስም፣ ሎሌው በጌታው ስም ይጻፋል። አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስም የያዘው ወደ 1400 ገደማ ነው። የዛሬው ሚስተር ቴይለር ስድስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ልብስ ሰፊ ቢያገኝ፣ ያ ልብስ ሰፊ አባቱ ማን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ስሙ አይነግረውም።

አሁን ወደ ክሮምዌል ልምጣ። ስሙን የመረጥኩት ታላቅ ስለሆነ ነው። ትንሽ ስም ብመርጥ "እሱማ የድሀ ቤት ነው" ይሉኛል።

በኖቲንግሃምሻየር ክሮምዌል የሚባል መንደር አለ፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጠማማ ጅረት ማለት ነው። ስሙ ከዚያ ነው የተነሳው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ከለንደን ወጣ ብላ በቴምዝ ዳር በምትገኘው ፑትኒ፣ ዋልተር የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ጨርቅ ያጥባል፣ ይደቁሳል፣ ቢራም ይጠምቃል። በዊምብልደን ርስት የፍርድ መዝገብ ላይ ይህ ሰው አንዴ ክሮምዌል፣ አንዴ ስሚዝ እየተባለ ተጽፏል። ሰውየው ያው አንድ ነው፤ ጸሐፊው በዕለቱ የመጣለትን ጻፈ። ብዕሩ ትንሽ ወደ ሌላው ቢያዘነብል ኖሮ የእንግሊዝን ንጉሥ ያስገደለው ሰው በታሪክ ሚስተር ስሚዝ ሆኖ በቀረ ነበር።

የዋልተር ልጅ ቶማስ ተማረ፣ ነገደ፣ ሕግ አወቀ፣ በመጨረሻም የሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም ሆነ። ቶማስ በመስከረም 1538 ትእዛዝ አወጣ፦ እያንዳንዱ ደብር መዝገብ ይግዛ፣ የተጠመቀውን፣ ያገባውን፣ የተቀበረውን በየሳምንቱ ይጻፍ። ዛሬ የዘር ሐረግ የሚፈልግ እንግሊዛዊ ሁሉ የሚያገላብጠው የደብር መዝገብ ከዚህ ይጀምራል። ሲወዛወዝ የኖረው ስም እየረጋ የሄደውም በዚያ መዝገብ ነው። እንግዲህ የአገሩን ስም በቀለም ያሰረው ሰው፣ የገዛ አባቱ ስም በሁለት የሚጻፍ ነበር። በሐምሌ 1540 ንጉሡ አንገቱን አስቆረጠው።

ቶማስ ካትሪን የምትባል እህት ነበረችው። ያገባችው ሞርጋን ዊልያምስ የሚባል ዌልሳዊ ነው። ዌልሶች ያኔ ስማቸው ልክ እንደኛ ነበር፦ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት፣ የሚሻ ሰው እስከ አያት እስከ ምንዥላት ይቀጥላል። በመካከሉ "አፕ" የምትል ቃል ትገባለች፣ "የእገሌ ልጅ" ማለት ናት። የእንግሊዝ ዳኛና ጸሐፊ ይህን ሐረግ መጻፍ ስለሰለቸው እየቆረጠ አስቀረው። የሪስ ልጅ የነበረው "አፕ ሪስ" ፕራይስ ሆነ፤ "አፕ ሃውል" ፓወል፣ "አፕ ኦወን" ቦወን ሆነው ቀሩ። ዛሬ እነዚህ ስሞች ኩባያ ላይ ሲታተሙ ጥንታዊ የእንግሊዝ ስሞች ተብለው ነው። እውነቱን ለመናገር እያንዳንዳቸው ጸሐፊ መሐል መንገድ ላይ የቆረጠው የአባት ስም ናቸው። ውጭ አገር ቅጽ ሞልቶ የአያቱ ስም ለዘላለሙ "የመጨረሻ ስም" ሆኖ የቀረበት ኢትዮጵያዊ፣ የፕራይስና የፓወል ሥጋ ዘመድ ባይሆንም የዕጣ ዘመዳቸው ነው።

የካትሪንና የሞርጋን ልጅ ሪቻርድ ዊልያምስ ይባል ነበር። አጎቱ ሲከብር የአባቱን ስም ተወና ክሮምዌል ሆነ። ትርፉም ወዲያው ታየ። ገዳማት ሲፈርሱ የራምሲ ገዳምና የሂንቺንብሩክ የመነኮሳይያት ገዳም መሬት ለእሱ ደረሰው። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ለትውልዶች በሕግ ወረቀት ላይ "ክሮምዌል፣ በሌላ ስሙ ዊልያምስ" እያለ ይፈርም ነበር። የአባታቸው ስም ማን እንደነበረ አልጠፋባቸውም፤ መሬቱ በየትኛው ስም እንደመጣም አልጠፋባቸውም። የሪቻርድ ልጅ ሄንሪ፣ የሄንሪ ልጅ ሮበርት፣ የሮበርት ልጅ ኦሊቨር። በ1599 በሃንቲንግደን የተወለደው፣ በ1649 ንጉሥ ቻርልስን ለሰይፍ ያበቃው፣ ከ1653 ጀምሮ ጌታ ጠባቂ ተብሎ እንግሊዝን የገዛው ኦሊቨር ክሮምዌል ይኸው ነው። በአባት በአባት ቢቆጠር የዌልሱ ሞርጋን ወገን ነው። ክሮምዌልነቱ በአንዲት ሴት በኩል የመጣ ነው፤ እሷም ካትሪን ናት፣ ስሟን ዛሬ ስንት ሰው ያውቀዋል?

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኦሊቨር በ1658 ሞተ፣ ልጁ ሪቻርድ ተተካ፣ ዓመት ሳይሞላው ወረደ። ዘውዱ ሲመለስ የአባቱን ሬሳ ከመቃብር አውጥተው በጥር 1661 ታይበርን ላይ ሰቀሉት። ሪቻርድ ባሕር ማዶ ተሰደደና "ጆን ክላርክ" እያለ ኖረ። ክላርክ ጸሐፊ ማለት ነው። ለዚህ ቤት ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ስም ይገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

እንግዲህ ይቆጠር። ስሚዝ፣ ዊልያምስ፣ ክላርክ፤ በመካከላቸው አንድ ክሮምዌል። አንድ ተመራማሪ የኦሊቨርን ዘር በስም ብቻ ልፈልግ ቢል ኖቲንግሃምሻየር ሄዶ ጠማማውን ጅረት ያገኛል፣ የደሙን ምንጭ ግን አያገኝም፤ እሱ ዌልስ ነው።

"ይህ የፖለቲካ ሰው ቤት ነው፤ የነባር መሳፍንቱ ግን ይለያል" የሚለኝ ይኖራል። ፐርሲዎችን እንይ። በሰሜን እንግሊዝ ከፐርሲ የቀደመ ስም መጥራት ይከብዳል፤ ከኖርማንዲ የመጣ ነው። ገና በ12ኛው መቶ ዘመን ወራሿ አግነስ ደ ፐርሲ ነበረች፤ ያገባችው ጆስሊን ከሉቬን የመጣ ሰው ነው፤ ዘራቸው ግን የእናቱን ስም ያዘ። ያ መስመር እስከ 1670 ዘልቆ በወንድ በኩል ተቋረጠ። ከዚያ ስሙ እንደገና በሴት ልጅ ልጆች በኩል ዞሮ፣ በ1750 ሂዩ ስሚዝሰን የሚባል የዮርክሻየር ባላባት በሚስቱ ምክንያት የኖርዘምበርላንድን ማዕረግ ሲወርስ፣ በፓርላማ አዋጅ ፐርሲ ተባለ። የዛሬዎቹ የኖርዘምበርላንድ ዱኮች ከእሱ ናቸው። ስሚዝሰን "የቀጥቃጭ ልጅ" ማለት ነው። የሚገርመው፣ ይህ ሰው ከጋብቻ ውጪ ፓሪስ ውስጥ የወለደው ልጅ በእናቱ ስም ሜሲ ተብሎ አደገ፤ ኋላ ጎልማሳ ሆኖ አባቱ የጣለውን ስሚዝሰን አንሥቶ ያዘ። ሀብቱን ለአሜሪካ ተናዞ ሞተ፤ ዋሽንግተን ያለው ስሚዝሶኒያን የተሰየመው በእሱ ነው። ስሙን የዓለም ስም ያደረገው፣ በሕግ ስሙን ያልወረሰው ልጅ ነው።

የዘውዱን ቤት ላስረዝመው አልፈልግም። ጆርጅ አምስተኛ በሐምሌ 1917፣ ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ሳለ፣ ሳክስ-ኮበርግ-ጎታ የሚለውን የጀርመን ስም ጥሎ ከአንድ ቤተ መንግሥት ስም ወስዶ ዊንድሰር ሆነ። አንድ ቀን ፈጀበት። ተራውም ሰው ቢሆን ከጥንት ጀምሮ ለማጭበርበር እስካልሆነ ድረስ የፈለገውን ስም መያዝ በእንግሊዝ ሕግ ተፈቅዶለታል።

አሁን ጠንካራው መከራከሪያ ይቅረብ። ሳይንስ ነው። ወንድ ልጅ ዋይ ክሮሞዞሙን ከአባቱ ይወርሳል፤ የእንግሊዝ ስምም ከአባት ይወርዳል ከተባለ ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው። የኦክስፎርዱ የዘረ መል ተመራማሪ ብራያን ሳይክስ ይህን በገዛ ስሙ ሞከረው፤ ጥናቱ በ2000 ታተመ። ሳይክስ የዮርክሻየር ስም ነው፣ ትንሽ ጅረት ወይም ቦይ ማለት ነው። ቦይ የሌለበት ቦታ ስለሌለ ስሙ ከብዙ ቦታ የተነሣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ውጤቱ አስደነቀ፦ ከተመረመሩት ሳይክሶች ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞዞም ተገኘባቸው፤ በጎረቤቶቻቸው ላይ ያ ዓይነት የለም። ስለዚህ አንድ አባት ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ጋዜጦቹም አጨበጨቡ።

እኔ የማነበው ሌላውን ግማሽ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ከግማሽ የሚበልጡት ሳይክሶች ከዚያ አባት አይደሉም። አንዱ ጉዲፈቻ ነው፣ ሌላው የእናቱን ስም የያዘ፣ ሌላው የእንጀራ አባቱን፣ ሌላው ደግሞ እናቱ ብቻ የምታውቀው ነገር ያለበት። ይህም ስሙ እድለኛ ሆኖ ነው። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግና ባልደረቦቿ በ2006 ባወጡት ጥናት 150 ጥንድ ወንዶችን ወሰዱ፤ እያንዳንዱ ጥንድ በስም አንድ፣ በሚታወቅ ዝምድና ግን የማይገናኝ ነው። የጋራ አባት ምልክት የታየው ከጥንዶቹ 24 በመቶው ላይ ነው። ስሙ እምብዛም የማይገኝ ከሆነ ዝምድናው ይበረታል፤ አተንበሮ የሚባለውን ስም ከያዙት ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት አንድ መስመር ሆነው ተገኝተዋል። ስሚዝ ላይ ሲደረስ ግን ስሙ ምንም አይናገርም። ይህን አልክድም፤ አተንበሮ የሚባል አንባቢ ካለኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የእርስዎ ስም ሠርቷል። ሳይሠራ የቀረው ለብዙኃኑ ነው፤ ኩባያው የሚሸጠውም ለብዙኃኑ ነው።

ከዚሁ ቤተ ሙከራ የወጣ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በ2007 የታተመ ነው። በምሥራቅ ዮርክሻየር እምብዛም የማይገኝ አንድ የቆየ ስም አለ። ስሙን የያዘ አንድ ነጭ እንግሊዛዊ ሲመረመር፣ አፍሪካ ውስጥ እንጂ በምዕራብ አውሮፓ ታይቶ የማያውቅ ዋይ ክሮሞዞም ተገኘበት፤ ምንጩም ምዕራብ አፍሪካ ሳይሆን እንደማይቀር ታየ። ተመራማሪዎቹ ሌሎች ባለ ስሞችን አፈላልገው መረመሩ፤ ከ18ቱ ሰባቱ ላይ ያው ተገኘ። በመዝገብ ሲከተሏቸው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዮርክሻየር ውስጥ ከነበሩ ሁለት ቤተሰቦች የወረዱ ናቸው። አንድ አፍሪካዊ አባት እንግሊዝ ገብቶ ዘር ተክሏል፤ ስሙ ግን ስለ እሱ አንዲት ፊደል አልያዘም። ለእነዚህ ሰዎች የሱቁ ኮምፒውተር ምን ዓይነት አንበሳ ያትምላቸው ይሆን?

ወደ ድግሱ ልመለስ። ጋሼ ዘራችንን በተንን ያሉት በምን ልኬት ነው? የእኛ ሰው ሊያጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ በአባትም በእናትም፣ በሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰው ይደርሳል። የእንግሊዙ ስም ከ128ቱ አንዱን ብቻ ይይዛል፣ እሱንም ካልሳተ። የቀሩት 127ቱ ከስሙ ውጪ ናቸው። የእኛ ቆጠራ በቃል ስለሆነ ይሳሳታል፣ ባላባት ጋ ሲደርስ ይወፍራል፣ ድሀው ጋ ይሳሳል፤ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን የሚቆጥረው ሰው ነው።

ስሙን ማስያዝም ቢሆን ተሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ጋር የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ሕጉ ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል። አንባቢዬ መታወቂያውን ያውጣና የቤተ ዘመድ ስሙን ይፈልግ።

ለምቾት ከሆነ አልከራከርም። ስሟ ከልጇ ስም ስለማይገጥም ኤርፖርት ላይ ተገትራ የምትጠየቅ እናት አይቻለሁ፤ በየትምህርት ቤቱ በር "የልጁ ምኑ ነህ?" የሚባል አባትም አለ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ አንድ ስም ቢይዝ ማን ይቃወመዋል? ዌልሶቹም በዚህ መንገድ ነው የሄዱት። ብቻ ለቅጽ ያደረግነውን "ለዘር ስንል" አንበል።

አሁን ሪቻርድ ሦስተኛ፣ እንዳልኩት። በ1485 ቦስዎርዝ ላይ ወድቆ ሌስተር ተቀበረ፤ አፅሙ በ2012 ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሥር ወጣ። የቤቱ ስም ፕላንታጀኔት ይባላል፤ ስሙን መያዝ የጀመረው ግን የሪቻርድ አባት ነው፣ ቅድመ አያቶቹ አይጠሩበትም ነበር። ማንነቱን ለማረጋገጥ በወንድ መስመር ከዚያው የንጉሥ ቤት ይወርዳሉ የተባሉ አምስት ሰዎች ተፈለጉ፤ የዘር ሐረጋቸው በመጽሐፍ የተጻፈ፣ የተመሰከረ ነው። በ2014 ውጤቱ ወጣ። ከአምስቱ አንዳቸውም ከንጉሡ ጋር አልገጠሙም። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከአራቱ ጋርም አልገጠመም።

ንጉሡን የለዩት በእናት በእናት ከእህቱ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያ መስመር ስሙ በየጋብቻው ሲቀየር አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። አንደኛው ካናዳ ተወልዶ ለንደን የሚኖር የእንጨት ሠራተኛ ነው። ንጉሡ በመጋቢት 2015 ሌስተር ካቴድራል ውስጥ ዳግም ሲቀበር፣ የሬሳ ሣጥኑን የሠራው እሱ ነው።